በተወለዳችሁ በአንድ ደቂቃ የፈተነቻችሁ ሴት

ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውስጥ ከተወለዳችሁ የመጀመሪያ ፈተናችሁን የወሰዳችሁት ኬጂ ስትገቡ አይደለም። ከእናታችሁ ማህፀን በወጣችሁ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ነው። ጥያቄው 5፣ ውጤቱ ከ10። እናንተም የመለሳችሁት በማልቀስ፣ በመተንፈስና በመንፈራገጥ ነው።

እኔ ይህን ያወቅኩት በቅርቡ ነው። እህቴ ወልዳ ከሆስፒታል ስትወጣ በተሰጣት ወረቀት ላይ 8 እና 9 የሚሉ ሁለት ቁጥሮች ተጽፈዋል። ቤት ውስጥ ወዲያው ክርክር ተነሳ። አክስቴ የአልጋ ቁጥር ነው አለች። ወንድሜ የለም፣ የተወለደበት ሰዓት ነው አለ። ከቁጥሮቹ አጠገብ ደግሞ አፕጋር የሚል ቃል አለ። እኔ የሆነ ማሽን ስም መሰለኝ። ስልኬን አውጥቼ ስፈልግ ግን የሰው ስም ሆኖ አገኘሁት። የአንዲት ሐኪም ስም።

ዛሬ የምነግራችሁ የእሷን ታሪክ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ቁጭ ማለት የማያውቅ ቤት

ቨርጂኒያ አፕጋር ጁን 7 ቀን 1909 አሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ ግዛት ውስጥ ዌስትፊልድ በምትባል ከተማ ተወለደች። የአባቷ መተዳደሪያ የኢንሹራንስ ሥራ ነበር። ቤት ሲገባ ግን ሌላ ሰው ነው፤ ሬዲዮ ይገጣጥማል፣ በቴሌስኮፕ ኮከብ ያያል። ቤቱ ሙዚቃ የማይጠፋበት ስለነበር ልጅቷም ከቫዮሊን ጋር አደገች። የዚያ ቤት ሰው ማረፍ የሚባል ነገር አያውቅም፤ እሷም ዕድሜዋን ሙሉ እንደዚያው ሆነች።

ቤቱ በሽታንም ያውቃል። አንደኛው ታላቅ ወንድሟ በልጅነቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞቷል። ሌላኛው የማይለቅ ሕመም ነበረበት። ቨርጂኒያ ሁለተኛ ደረጃን ስትጨርስ ሐኪም እንደምትሆን ወስና ነበር።

ማውንት ሆልዮክ የሚባል የሴቶች ኮሌጅ ገብታ ስለ እንስሳት ሳይንስ ተማረች። ብር ስላልነበራት ያገኘችውን ትሠራለች። ከሥራዎቿ አንዱ ለኮሌጁ ቤተ ሙከራ ድመት መያዝ ነበር። አዎ፣ ድመት! በዚያ ላይ ስፖርት ትጫወታለች፣ በኦርኬስትራ ቫዮሊን ትመታለች፣ ለተማሪዎች ጋዜጣ ትጽፋለች።

በ1929 ተመርቃ ኒው ዮርክ፣ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ገባች። ከገባች ሳምንታት በኋላ የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተንኮታኮተ፤ ያ የታወቀው የኢኮኖሚ ድቀት ተጀመረ። ብዙ ቤተሰብ ልጁን ከትምህርት ባስወጣበት ጊዜ እሷ እየተበደረች ቀጠለች። በ1933 ከክፍሏ 4ኛ ሆና ስትመረቅ ወደ 4,000 ዶላር የሚጠጋ ዕዳ ተሸክማ ነበር። በዚያ ዘመን ቀላል ገንዘብ እንዳይመስላችሁ።

የተዘጋው በር

ሕልሟ ቀዶ ሐኪም መሆን ነበር። ጀምራውም ነበር፤ ጎበዝም ነበረች። አለቃዋ አለን ዊፕል የሚባል ስመ ጥር ቀዶ ሐኪም ግን ሌላ መንገድ እንድትይዝ መከራት። እሱ ያሠለጠናቸው ሌሎች ሴቶች በቀዶ ሕክምና ሙያ ኑሯቸውን ማቋቋም አልቻሉም ነበር። በሌላ በኩል ማደንዘዣ ካልተሻሻለ ቀዶ ሕክምና ራሱ ወደፊት እንደማይራመድ ያውቃል። ስለዚህ ወደ ማደንዘዣ ሕክምና እንድትሄድ ነገራት።

ያኔ ማደንዘዣ መስጠት በአብዛኛው የነርሶች ሥራ ነበር፤ የሐኪም ሙያ ነው ብሎ የሚያከብረውም ጥቂት ነው። እሷ ግን ገባችበት። ዊስኮንሲንና ኒው ዮርክ ውስጥ በሙያው ፋና ወጊ ከነበሩ ሐኪሞች ሥር ሠልጥና፣ በ1938 ወደ ኮሎምቢያ የማደንዘዣ ክፍል ኃላፊ ሆና ተመለሰች። ክፍያው ትንሽ፣ ሥራው ብዙ፣ ረዳት የሚሆን ሐኪም ማግኘት ደግሞ ጭንቅ ነበር። ዓመታት ለፍታ ክፍሉን አቆመችው።

በ1949 ክፍሉ አድጎ ራሱን የቻለ ትልቅ ዲፓርትመንት ሲሆን ኃላፊነቱ ለወንድ ተሰጠ። ለእሷ የፕሮፌሰርነት ማዕረግ ተሰጣት። በዚያ የሕክምና ትምህርት ቤት ታሪክ ሙሉ ፕሮፌሰር የሆነች የመጀመሪያዋ ሴት ናት።

ሊያናድድ የሚችል ነገር ነው። ነገር ግን ከቢሮ ሥራ መላቀቋ እጇን ፈታላት። ጊዜዋን ይዛ የገባችው ወደ ማዋለጃ ክፍል ነው።

ማንም የማያየው ሕፃን

በዚያ ዘመን አንድ ሕፃን ሲወለድ የክፍሉ ሰው ሁሉ ዓይን ያለው እናትየዋ ላይ ነው። ደም ፈሰሳት? እንግዴ ልጁ ወጣ? ይህ ተገቢ ነው። ሕፃኑ ግን ተጠቅልሎ ወደ ዳር ይቀመጣል። ካለቀሰ እሰየው። ካላለቀሰስ? ያ እንግዲህ በዕለቱ ተረኛ በሆነው ሰው ይወሰናል። አንዱ ሐኪም ደህና ነው ያለውን ሌላው ደካማ ነው ይላል። አንዱ እንዲተነፍስ ሲረዳው ሌላው ይህ አይተርፍም ብሎ ይተወዋል።

ውጤቱ በቁጥር ይታይ ነበር። አሜሪካ ውስጥ የሕፃናት ሞት በአጠቃላይ ከዓመት ዓመት እየቀነሰ ነው፤ በተወለዱ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት የሚሞቱት ሕፃናት ድርሻ ግን አልቀንስ ብሎ ነበር።

አፕጋር የማደንዘዣ ባለሙያ ናት። ሥራዋ የሰውን ትንፋሽ፣ የልብ ምትና የቆዳ ቀለም ከደቂቃ ደቂቃ መከታተል ነው። ለእናትየዋ የምታደርገውን ይህን ክትትል ለሕፃኑ የሚያደርግለት ሰው እንደሌለ አየች።

ቁርስ ላይ የተጻፈው

እንደሚነገረው አንድ ቀን ጠዋት ሆስፒታሉ ካፌ ውስጥ ቁርስ እየበላች ሳለ አንድ የሕክምና ተማሪ ጠየቃት፤ አሁን የተወለደ ሕፃን ደህና መሆኑ በምን ይታወቃል? እሷም ቀላል ነው ብላ አጠገቧ ያገኘችውን ወረቀት አንስታ 5 ነጥቦች ጫር ጫር አደረገች። ከዚያ ቁርሱን ትታ ልትሞክረው ወደ ማዋለጃ ክፍል ሮጠች።

አምስቱ ነጥቦች እነዚህ ናቸው፤

1. የልብ ምት፦ ከሌለ 0፣ በደቂቃ ከ100 በታች ከሆነ 1፣ ከ100 በላይ ከሆነ 2።
2. ትንፋሽ፦ ከሌለ 0፣ ደካማና የሚቆራረጥ ከሆነ 1፣ ጮክ ብሎ ካለቀሰ 2።
3. ሲነካ የሚሰጠው ምላሽ፦ ምንም ከሌለ 0፣ ፊቱን ብቻ ካጨማደደ 1፣ ካለቀሰ ወይም ካስነጠሰ 2።
4. የጡንቻ ጥንካሬ፦ ዝልፍልፍ ካለ 0፣ እጅና እግሩን ትንሽ ካጠፈ 1፣ ከተንፈራገጠ 2።
5. የቆዳ ቀለም፦ ሰውነቱ ከጠቆረ ወይም ከገረጣ 0፣ ሰውነቱ ቀልቶ እጅና እግሩ ብቻ ከጠቆረ 1፣ ሁሉም ከቀላ 2።

ደምሩት። ከ7 እስከ 10 ያገኘ ደህና ነው። ከ4 እስከ 6 ያገኘ በቅርብ መታየትና መረዳት አለበት። 3 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ እያንዳንዷ ሰከንድ ዋጋ አላት።

በቃ፣ ይኸው ነው። ማሽን የለ፣ የላቦራቶሪ ውጤት መጠበቅ የለ። እነዚህን 5 ምልክቶች የመረጠቻቸው ሆን ብላ ነው፤ ሕፃኑን ከመርዳት ሳያዘናጉ በዓይንና በእጅ የሚታወቁ ናቸው። ሰዓቱንም ወሰነችው፤ ከተወለደ ልክ 1 ደቂቃ ሲሞላው። በኋላ በ5ኛው ደቂቃ እንዲደገም ተጨመረ፤ እርዳታው ሠርቷል ወይስ አልሠራም የሚለው በዚያ ይታያል። የእህቴ ወረቀት ላይ ያሉት 8 እና 9 እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

አንድ ሌላ ነገር አስተዋለች። ያዋለደው ሰው ራሱ ነጥብ ሲሰጥ እጁ ይፈታል። የራሱ ሥራ ነዋ! ስለዚህ ነጥቡን የሚሰጠው ሌላ ሰው ይሁን አለች።

በማስረጃ የቆመ ነገር

እስካሁን ያለው ጥሩ ሐሳብ ብቻ ነው። ጥሩ ሐሳብ ደግሞ በየካፌው ሞልቷል። የአፕጋርን የተለየ ያደረገው ከዚያ በኋላ የሠራችው ነው።

ሐሳቧን በ1952 ለሙያ ባልደረቦቿ አቀረበች፤ በ1953 በሕክምና መጽሔት ታተመ። የመጀመሪያው ሥራ ከ1,000 በላይ ሕፃናት የተመዘኑበት ነበር። ዝቅተኛ ነጥብ ያገኙት ሕፃናት ከፍተኛ ካገኙት በጣም በሚበልጥ መጠን ይሞቱ ነበር። እሷ ግን በዚህ አልረካችም። በ1958 ከባልደረቦቿ ጋር ሁለተኛ ጥናት ስታወጣ የተመዘኑት ሕፃናት 15,348 ደርሰው ነበር። ከዚያ ደግሞ 12 ተቋማት ተባብረው 17,221 ሕፃናትን ተከታተሉ፤ በተለይ የ5ኛው ደቂቃ ነጥብ ከሕፃኑ በሕይወት መቆየት ጋር በደንብ እንደሚያያዝ ታየ።

ከዳንካን ሆላዴይና ከስታንሊ ጄምስ ጋር ሆና ወደ ደም ምርመራም ገባች። ነጥባቸው ዝቅ ያለ ሕፃናት ደማቸው ውስጥ ኦክስጅን ያነሰ፣ አሲድ የበዛ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በፊት ለአራስ ልጅ ኦክስጅን ማነስ ያለና የተለመደ ነገር ነው የሚሉ ነበሩ። እንግዲህ በዓይን የሚሰጠው ነጥብ ደም ውስጥ ያለውን እውነት እያሳየ ነበር ማለት ነው።

አሁን የምነግራችሁ እኔን በጣም የገረመኝን ነው። ሳይክሎፕሮፔን የሚባል የማደንዘዣ ጋዝ ነበር። አፕጋር ለዓመታት የተጠቀመችበት፣ በጣም የምትወደው ጋዝ ነው። ነጥቦቹ ሲሰበሰቡ ግን በዚህ ጋዝ የተደነዘዙ እናቶች የወለዷቸው ሕፃናት ከሌሎቹ ይልቅ ደክመው እንደሚወለዱ ታወቀ። አልተከራከረችም። የራሷ መለኪያ በራሷ ልማድ ላይ መሰከረ፤ እሷም ጋዙን ለወላዶች መጠቀም አቆመች።

በየሆስፒታሉ ግድግዳ ላይ ስለሚለጠፉ የሕክምና መመሪያዎች ስናወራ ይህን ማሰብ ጥሩ ነው። መመሪያ የሐኪሙን ጭንቅላት ለመተካት አልመጣም። የመጣው ሲጨንቀው፣ ሲደክመውና ሌሊት ሲሆንበት ምን ማየት እንዳለበት እንዲያስታውሰው ነው። ዛሬ በትልልቅ ሆስፒታሎች ኮምፒዩተሩ ራሱ ያስጠነቅቃል፤ ይህ መድኃኒት ከዚያኛው ጋር አይስማማም፣ ይህ ታካሚ ትንፋሹ እየፈጠነ ነው ይላል። የኮምፒዩተሩም ሆነ የአፕጋር ወረቀት አሠራሩ ያው ነው። ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ምልክት ያያል። ጊዜው የታወቀ ነው። ውጤቱ ከድርጊት ጋር የተያያዘ ነው። መለኪያው ራሱም በብዙ ሰው ላይ ተፈትኗል። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ተራ ፎርም መሙላት ይሆናል።

ስሟ ፊደል ሲሆን

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዴንቨር ከተማ ያለ ጆሴፍ በተርፊልድ የሚባል የሕፃናት ሐኪም ለተማሪዎች እንዲቀል ብሎ የስሟን 5 የእንግሊዝኛ ፊደላት ለ5ቱ ምልክቶች ሰጣቸው። ኤ ለቆዳ ቀለም፣ ፒ ለልብ ምት፣ ጂ ለፊት መጨማደድ፣ ሁለተኛው ኤ ለእንቅስቃሴ፣ አር ለትንፋሽ። እንዴት እንደገጠመ ተመልከቱ! አፕጋር የሰው ስም መሆኑን የማያውቁ ሐኪሞች ሁሉ አሉ። እኔ ማሽን መስሎኝ ነበር ብዬ አፍሬ ነበር፤ ብቻዬን አይደለሁም ማለት ነው።

ከሆስፒታል ውጪም ቢሆን አርፋ የምትቀመጥ ሴት አልነበረችም። ቦርሳዋ ውስጥ ከሊፕስቲክ ይልቅ ሴንጢና የትንፋሽ መክፈቻ ቱቦ ይገኛል፤ መንገድ ላይ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ካጋጠማት ብላ ነው። ሃምሳ ዓመት ካለፋት በኋላ አውሮፕላን ማብረር መማር ጀምራለች።

የስልኩ ታሪክ ደግሞ አለ። ካርሊን ሃቺንስ የምትባል ታካሚ ቫዮሊን መሥራት አስተማረቻትና ጓደኛሞች ሆኑ። በ1957 ሃቺንስ ሆስፒታሉ ውስጥ ካለ የሕዝብ ስልክ ክፍል መደርደሪያው ለቫዮላ የሚሆን ምርጥ እንጨት ሆኖ አገኘችው። ብንጠይቅ ሆስፒታሉ አልሰጥም አለ። ታዲያ ሁለቱ ሴቶች ሌላ መደርደሪያ አስመስለው ሠርተው በሌሊት መጡ። አፕጋር የሆስፒታል ልብሷን ለብሳ በር ትጠብቃለች፣ ሃቺንስ ውስጥ ትፈታለች። አዲሱ እንጨት ትንሽ ረዘመና ሴቶች መጸዳጃ ቤት ገብተው በመጋዝ ቆረጡት። ድምፁን ሰምታ ግራ ለገባት ነርስ አፕጋር ምን ብትላት ጥሩ ነው? ጥገና የሚሠራው በዚህ ሰዓት ብቻ ነው አለቻት። ቫዮላው ተሠራ። ፕሮፌሰሯ ናት እንግዲህ!

በ1959 ዕድሜዋ 50 ሲሆን እንደገና ተማሪ ሆና ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በሕዝብ ጤና ሁለተኛ ዲግሪ ያዘች። ከዚያ ማርች ኦፍ ዳይምስ ወደሚባል ድርጅት ሄዳ ከነጉድለታቸው ስለሚወለዱ ሕፃናት መሥራት ጀመረች። እንዲህ ያለ ልጅ መውለድ እንደ ነውር ተቆጥሮ በሚደበቅበት ጊዜ አገር ላገር እየዞረች በግልጽ ተናገረች። እርጉዝን የሚይዘው የሩቤላ በሽታ ጽንሱን እንደሚጎዳ አስረድታ ስለ ክትባቱ ሰበከች። በ1972 ለወላጆች የሚሆን መጽሐፍ ከአንዲት ጋዜጠኛ ጋር አሳተመች።

ኦገስት 7 ቀን 1974 በ65 ዓመቷ፣ በሠለጠነችበትና ዕድሜዋን ባገለገለችበት ኒው ዮርክ ሕክምና ማዕከል አረፈች። አላገባችም፣ አልወለደችም። በ1994 አሜሪካ በምስሏ ቴምብር ስታሳትም እሷ በእጇ የሠራቻቸው የሙዚቃ መሣሪያዎች በሥነ ሥርዓቱ ላይ ተጫወቱ። ጁን 7 ቀን 2018 ደግሞ ጉግል የልደት ቀኗን በፊት ገጹ አስቦታል።

መለኪያውም ይለካል

ታሪኩን እዚህ ላይ ብጨርሰው ደስ ይል ነበር። ግን እሷ ራሷ በማስረጃ የምታምን ሴት ስለሆነች እኛም በመለኪያዋ ላይ እውነቱን እንናገር።

አንደኛ፣ የቆዳ ቀለሙ ነጥብ። ቀይ መሆን የሚለው መስፈርት የተጻፈው ኒው ዮርክ ነው። የኛን ልጅ እንዴት አድርጎ ነው ሁለንተናው የሚቀላው? አፕጋር ራሷ ገና በ1953 ጽሑፏ ከአምስቱ ሁሉ የማያረካው ምልክት ይህ መሆኑን፣ ጥቁር ቆዳ ላይም እንደሚያስቸግር ጽፋለች። ለዚህ ነው ጠንቃቃ አዋላጅ ከንፈርና ምላስ የምታየው። ይህ ነጥብ ለጥቁር ሕፃናት ፍትሐዊ አይደለም የሚሉ ተመራማሪዎችም ድምፃቸው እየተሰማ ነው።

ሁለተኛ፣ ነጥቡ የልጁን የወደፊት ሕይወት አይተነብይም። በ1ኛው ደቂቃ 4 አግኝቶ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ያለ ሰው ሞልቷል። ወላጆች ወረቀቱን አይታችሁ አትደንግጡ።

ሦስተኛና ዋናው፣ የማይተነፍስ ሕፃን ነጥብ እስኪሰጠው አይጠበቅም። የዛሬ መመሪያዎች ልጁ ተጠርጎ፣ ተነካክቶ ካልተነፈሰ በመጀመሪያዋ ደቂቃ ውስጥ አየር እንዲሰጠው ያዛሉ። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው ነው። ነጥቡ የሚመጣው እጅ ሥራ ላይ እያለ ነው።

ይህን ከሚያነቡት መካከል የሚድዋይፈሪ ተማሪዎች፣ ነርሶች፣ ተለማማጅ ሐኪሞች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ፣ ሦስት እናቶች በአንድ ጊዜ ምጥ ሲይዛቸው ወረቀቱን በኋላ በግምት መሙላት እንደሚያጓጓ ይገባኛል። ሁሉም ልጅ ላይ 8 እና 9 ብሎ ማለፍ ይቻላል። ነገር ግን ሳይታይ የተጻፈ 8 ካልተጻፈ ይብሳል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ሐኪም አምኖት ይሄዳልና። አፕጋር ያንን ወረቀት የጫረችው ፋይል እንዲሞላ አይደለም። በዚያች አንድ ደቂቃ ውስጥ አንድ ሰው ዞር ብሎ ሕፃኑን እንዲያይ ነው።

የእህቴ ልጅ አሁን 4 ወር ሆኖታል። እህቴ ወረቀቱን ከክትባት ካርዱ ጋር አስቀምጣዋለች። እናንተም ቤታችሁ ካለ እናታችሁን ጠይቁና ፈልጉት። ስንት አመጣችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልን።